ዳግም ምርቱ አሮጌውን ያረክሰዋል? የድሮ ውድድር ሪሞት መኪኖች ገበያ

አሶሺዬትድ የተባለው የአሜሪካ ሪሞት መኪና አምራች በ2024 አርሲ10 የሚባለውን ሞዴሉን እንደገና አምርቶ ለገበያ አወጣ። ምክንያቱ የሞዴሉ 40ኛ ዓመት ነበር። በ2013ም እንዲሁ አድርጓል። ሁለቱም ጊዜ ያው ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን «አለቀልን፣ የድሮው መኪናችን ረከሰ» አለ፤ ሌላው «እሰይ፣ መለዋወጫ ተገኘ» ብሎ ተደሰተ። ከዚያ በኦገስት 2025 መጨረሻ አሜሪካ ዋጋቸው እስከ 800 ዶላር ለሆኑ ጥቅሎች ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነፃ ፈቃድ አነሳች። ከጃፓን ዕቃ የሚያስመጡ ሰብሳቢዎች ተደናገጡ፣ ክርክሩም እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንድ ነገር እንደገና ሲመረት የድሮው ዋጋ ይወርዳል? መልሱ ግን የትኛው መኪና፣ በምን ሁኔታ ላይ ያለ፣ ለምን የተፈለገ የሚለው ሳይለይ አይገኝም። በእኔ ግምት ዳግም ምርቱ ገዢውን ለሁለት ከፍሎታል። መንዳት የሚፈልገው አዲሱን ይገዛል። የድሮውን የሚገዛው ሰው ገንዘብ ደግሞ እየዋለ ያለው በማስረጃ ላይ ነው፤ ይኼ መኪና በእርግጥ የዚያ ዘመን ነው ወይ የሚለው ላይ። በውድድር መኪና ይህን ማረጋገጥ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው።

ስለ የትኛው መኪና ነው የሚወራው

ሪሞት መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ለልጅ ልደት የሚገዛው፣ ባትሪው ሲያልቅ ጥግ የሚጣለው ነው። የዚህ ጽሑፍ መኪና ሌላ ነው። ኪት ይሉታል፤ ተፈታትቶ በካርቱን ይሸጣል፣ ገዢው ራሱ በካቻቪቴ ይገጣጥመዋል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተገዝቶ ይቀየራል። መጠኑ የትልቁ መኪና አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ይሞላል። ዲፈረንሻሉ ይጠብቃል፣ ይላላል። ጎማው እንደ አፈሩ ዓይነት ይመረጣል። ውድድሩ አፈር ላይ ነው፣ ዝላይ አለው፣ እና አይፍማር የሚባለው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጅለታል።

ቪንቴጅ የሚሉት ባብዛኛው ከ1979 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩትን ነው። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ሁሉም እንደየፍላጎቱ ወሰኑን ይገፋል።

1979 መነሻ የሆነው ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ራፍ ራይደርና ሳንድ ስኮርቸር የሚባሉትን ሁለት የአፈር መኪኖች ያወጣው በዚያ ዓመት ስለሆነ ነው። ቆንጆ ነበሩ። ከባድም ነበሩ። ሰው ግን ወስዶ ተወዳደረባቸው። ኪዮሾ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በ1982 ስኮርፒዮንን ይዞ መጣ፤ ቀለል ያለ፣ ለፍጥነት የታሰበ መኪና ነበር።

ነገሩን የቀየረው 1984 ነው። ሮጀር ከርቲስ የነደፈው አርሲ10 ወጣ። ቻሲው ከአሉሚኒየም ላሜራ እንደ ገንዳ ታጥፎ የተሠራ ነው፤ ላዩ ደግሞ አኖዳይዝ በሚሉት የኤሌክትሪክ ማቅለሚያ ወርቃማ ሆኗል። አራቱም ጎማ ለየብቻው ወደ ላይና ወደ ታች ይጫወታል። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ለውድድር ነው የታሰበው። በዓመቱ፣ በ1985፣ በካሊፎርኒያ ዴል ማር በተካሄደው የመጀመሪያው የአንድ አስረኛ መጠን የአፈር የዓለም ሻምፒዮና ጄይ ሃልሲ በዚህ መኪና በሁለት ጎማ ግፊት ምድብ፣ ማለትም ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ በሚያዞርበት፣ አሸነፈ። በአራት ጎማ ግፊት ያሸነፈው ጊል ሎሲ ጁኒየር ነበር፣ መኪናው የጃፓኑ ኩባንያ የዮኮሞ ዶግ ፋይተር።

በ1987 እንግሊዝ ሮምዚ ላይ ጆኤል ጆንሰን በኪዮሾ አልቲማ በሁለት ጎማ፣ ጃፓናዊው ማሳሚ ሂሮሳካ ደግሞ ሹማከር ካት በሚባለው የእንግሊዝ መኪና በአራት ጎማ ወሰዱ። ሹማከርን የመሠረተው ሴሲል ሹማከር ቀድሞ በኮስዎርዝ የሞተር ፋብሪካ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። በትናንሽ ኳሶች የሚሠራውን ዲፈረንሻል ለዚህ ስፖርት ያመጣው እሱ ነው። ሂሮሳካ በኋላ 14 የዓለም ዋንጫ ሰብስቧል። በ1988 የሎሲ ቤተሰብ ኩባንያ ጄአርኤክስ2 የሚባለውን መኪና አወጣ። በ1991 ክሊፍ ሌት ዲትሮይት በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አርሲ10ን እንደገና አናት ላይ አወጣው። ያኔ መኪናው ከወጣ 7 ዓመት ሆኖት ነበር። ለውድድር መኪና ይኼ እርጅና ነው፤ አንድ ዓይነት መኪና ብቻ ይምሰል እንጂ በመሃል ውስጡ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል። እዚህ ነጥብ ላይ እንመለሳለን።

ዛሬ የሚፈለጉት መኪኖች ዝርዝር ከዚህ የአሸናፊዎች ዝርዝር ጋር ብዙ ይገናኛል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የታሚያ አቫንቴ በ1988 ሲወጣ ውድ ነበር፣ ውስብስብ ነበር፣ ከባድ ነበር። በውድድር ሜዳ ከሹማከርና ከዮኮሞ ጋር አልተቻቻለም። ሰብሳቢዎች ግን ይሞቱለታል። ያሸነፈው ሁሉ አይወደድም፣ የተወደደው ሁሉም አላሸነፈም። የታሚያ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ውበቱንና ካርቱኑን ነው፣ የአርሲ10 ሰብሳቢ ደግሞ የሜዳውን ታሪክ። ሁለቱ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ እንጂ የሚገዙት ነገር የተለያየ ነው። ክርክሩ ላይ መግባባት የሚጠፋው ባብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

ዋጋውን ማን ሰቀለው

በ1985 ከ12 እስከ 16 ዓመት የነበረ ልጅ በ2025 ከ52 እስከ 56 ዓመቱ ነው። ያኔ ወላጆቹ አይገዙለትም ነበር፣ አሁን ራሱ ይገዛል። ይህ ማብራሪያ በየቦታው ይሰጣል፣ ትክክልም ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። የዚያ ዘመን ልጆች የወደዱት ዕቃ ሁሉ ዛሬ ውድ አይደለምና።

ሌላው ምክንያት እነዚህ መኪኖች ማለቃቸው ነው። ውድድር ላይ የዋለ መኪና በየሳምንቱ ይሰበራል። ክንዱ ይሰበራል፣ ይቀየራል። ካምቢዮው ያልቃል፣ ይቀየራል። አዲስ ሞዴል ሲመጣ ተወዳዳሪው አሮጌውን ይሸጣል፣ ወይም ለክፍሉ ሲል ይበትነዋል። አሻንጉሊት አድርጎ ያስቀመጠው ሰው መኪናውን አተረፈው፣ በቁም ነገር የተወዳደረበት ጨረሰው። ስለዚህ ለውድድር የተሠራ መኪና ሳይነካ መገኘቱ ብርቅ ነው፤ ሳይገጣጠም በካርቱኑ የቀረ ኪት ደግሞ ከዚያም ብርቅ ነው። ይህ ማለት ግን አርሲ10 ራሱ ብርቅ ነው ማለት አይደለም። ለዓመታት ተሽጧል፣ ያገለገለ ሁልጊዜም ይገኛል። ብርቁ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ናቸው፣ እነሱም ከነሙሉ ዕቃቸው ሲገኙ።

ከዚያ የገንዘቡ ጉዳይ አለ። በ2020 እና 2021 ሰው በወረርሽኙ ምክንያት ቤት ሲውል እንዲህ ያሉ የትርፍ ጊዜ ነገሮች ሁሉ ገበያቸው ሞቀ። ቀጥሎ የጃፓን የን ወደቀ፤ በጁላይ 2024 አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ ተመነዘረ። ጃፓን ደግሞ የእነዚህ መኪኖች ዋና ማከማቻ ናት፤ ታሚያም ኪዮሾም ዮኮሞም የዚያው ናቸው፣ ያልተከፈቱ ካርቱኖችም ከቤቶችና ከተዘጉ ሱቆች እስካሁን ይወጣሉ። ዶላር የያዘ ሰው በወኪል ገዢ በኩል የጃፓን ጨረታ ላይ ተጫረተ። ለእሱ ርካሽ ነበር። ለጃፓን ሰብሳቢ ግን በገዛ አገሩ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሄደበት። የዚህኛው ወገን ምሬት በእንግሊዝኛ ስለማይጻፍ ብዙም አይሰማም።

ዳግም ምርት እንዴት ይሠራል

የፕላስቲክ ክፍል የሚወጣው ሞልድ ከሚባል የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ ክንድ ወይም የካምቢዮ ቤት ሆኖ ይወጣል። ሞልዱን መሥራት ነው ውዱ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል በጣም ርካሽ ነው። እና አንድ ኩባንያ የድሮ ሞዴሉን መመለስ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞልዱ የት አለ?» ብሎ ነው። አንዳንዱ መጋዘን ውስጥ ተርፏል። አንዳንዱ ለብረቱ ተሸጧል። አንዳንዱ ኩባንያው ሲሸጥ አብሮ ሄዷል፤ አሶሺዬትድ ራሱ ከ2005 ጀምሮ የታይዋኑ ተንደር ታይገር ንብረት ነው። ሞልዱ ከጠፋ የድሮው ክፍል ተለክቶ በኮምፒውተር ይነደፍና አዲስ ሞልድ ይቆረጣል። ያኔ ደግሞ መሐንዲሱ እጁን አጥፎ አይቀመጥም፣ የድሮውን ጉድለት ማስተካከል ይጀምራል።

ማስተካከል የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። የ1984 መኪና የተሠራው በብሩሽ ለሚሠራ ሞተርና ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው፤ 7.2 ቮልት፣ 1200 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ። ውድድሩ 4 ወይም 5 ደቂቃ ነበር፣ ባትሪው ያንን ለመጨረስ ይታገላል። ዛሬ ያለው የሊቲየም ባትሪ የዚያን ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ ብሩሽ አልባው ሞተርም በአንድ ጫን የድሮውን ካምቢዮ ጥርስ ያረግፋል። ስለዚህ ኪዮሾ በ2014 ስኮርፒዮንን፣ በ2016 ኦፕቲማን፣ በ2019 አልቲማን ሲመልስ የአሁኑን ዘመን ባትሪና ሞተር እንዲችሉ አድርጎ ነው። ታሚያ ሳንድ ስኮርቸርን በ2010፣ አቫንቴን በ2011፣ ኢግረስን በ2013 መለሰ። ራፍ ራይደር ቀደም ብሎ በ2009 ተመልሷል፣ ግን በጃፓን ስሙ፣ በጊ ቻምፕ ተብሎ። ዮኮሞም ዶግ ፋይተሩን፣ ሹማከርም ካቱን አምጥተዋል።

ተለጣፊውም ይለያያል። ያኔ የዘይትና የጎማ ድርጅቶች ምልክት እንደ ልብ ይለጠፍ ነበር። አሁን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ምልክት ይወጣል ወይም ይቀየራል። ለአምራቹ ይኼ ጣጣ ነው። ለሰብሳቢው ግን ሳይታሰብ ጠቅሟል፤ አዲሱን ከድሮው መለያ አንዱ መንገድ ሆኗል።

«ኦርጅናል» ሲባል ምን ማለት ነው

ክርክሩ ውስጥ በጣም የተደባለቀው ነገር ይኼ ይመስለኛል።

ለታሚያ ሰብሳቢ ኦርጅናል ማለት በካርቱኑ ላይ ያለውን ሥዕል የመሰለ ነው። ሁሉም ክፍል የኩባንያው፣ ተለጣፊው በመመሪያው መሠረት፣ ቀለሙ እንደ ሥዕሉ። ለማሳያ የሚገዛ መኪና ስለሆነ ያስኬዳል። ለውድድር መኪና ግን ይህ መለኪያ ራሱ ከታሪኩ ጋር ይጋጫል። አርሲ10ን በቁም ነገር የሚነዳ ሰው ከካርቱን እንዳወጣው ሜዳ አያስገባውም ነበር። ኤምአይፒ፣ ቶርፕ፣ ሲአርፒ የሚባሉ ትናንሽ የአሜሪካ ድርጅቶች የተሻለ ዲፈረንሻል፣ የተሻለ አክሰል፣ የተሻለ ክንድ ይሸጡ ነበር። ኩሽኔታው ይቀየራል። ቻሲው ክብደት እንዲቀንስ ይበሳሳል። አሶሺዬትድ ራሱ በመሃል የካምቢዮውን አሠራር ቀየረ፤ የመጀመሪያው 6 ጥርሳም መዘውር ነበረው፣ በኋላ ስቴልዝ የተባለው ባለ 3 መዘውር መጣ። የድሮው መኪና ባለቤት አዲሱን ካምቢዮ ገዝቶ ይገጥማል። ከላይ እንመለስበታለን ያልኩት ይኼ ነው፤ የ1984ቱና የ1991ዱ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ የሚጋሩት ክፍል ብዙ አይደለም።

እንግዲህ የ1986 አርሲ10 ተገኘ እንበል። የቶርፕ ዲፈረንሻል አለው፣ ቻሲው ተበስቷል፣ አንድ ክንዱ የ1989 ነው። ምን ይደረግ? አንዱ ወገን «ወደ ካርቱኑ መልሰው» ይላል። የተጨመረውን አውልቆ፣ የፋብሪካውን ክፍል ፈልጎ ይገጥማል። ንጹሕ ይሆናል፣ በቀላሉም ይሸጣል፣ ምክንያቱም ገዢው ከመመሪያው ጋር አስተያይቶ ትክክል መሆኑን ማየት ይችላል። ሌላው ወገን ደግሞ መኪናውን እንዲህ ማጽዳት ታሪኩን ማጥፋት ነው ይላል፤ ቀዳዳውም፣ ጭረቱም፣ ባዕዱ ክፍልም ይህ መኪና ሜዳ ላይ መዋሉን የሚመሰክሩ ናቸው።

ሁለተኛው ወገን ለውድድር መኪና ትክክል ይመስለኛል። ችግሩ የእሱ መለኪያ ለማጭበርበር የተመቸ መሆኑ ነው። «በዘመኑ የተገጠመ ነው» የሚለውን ማን ያረጋግጣል? ዳግም ምርቱ ከመጣ ወዲህ የአዲሱ ክፍል በድሮው ላይ ልክ ይገባል። አዲስ ክንድ ትንሽ ቆሽሾ፣ ትንሽ ተቧጭሮ የ1985 መኪና ላይ ቢገጠም በፎቶ ብቻ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ግን አታላይ አይደለም። ብዙው ሻጭ የሚሸጠውን ነገር ራሱም አያውቀውም፤ ከሌላ ሰው ነው የገዛው፣ ያም ከሌላ ሰው።

ስለዚህ ዕውቀቱ ወደ ጥቃቅን ነገር ወርዷል። የአርሲ10 ሰብሳቢ ቻሲው ላይ የታተመችውን ትንሽ ምልክት ፈልጎ የቀደመውን ከዘገየው ይለያል። የወርቁ ቀለም ድምቀት ይታያል። የላይኛው ቅርፊት ከፖሊካርቦኔት፣ ማለትም መስታወት ከሚመስል ቀጭን ፕላስቲክ ነው የሚሠራው፤ ቀለሙ የሚቀባው ከውስጥ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ በመቀስ ይቆረጣል። አንዴ ከተቀባና ከተቆረጠ አይመለስም። ያልተቆረጠ፣ ያልተቀባ የዚያ ዘመን ቅርፊት ብቻውን ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣው ለዚህ ነው። የታወቀ ተወዳዳሪ ነድቶታል የተባለ መኪና ከሆነ ደግሞ የዘመኑ ፎቶ፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ የተጻፈ ወረቀት፣ በእጅ የተሠራ ክፍል ይፈለጋል። ያለዚህ «የሻምፒዮኑ መኪና» የሚለው ወሬ ነው፣ በወሬ ደግሞ ብዙ ዶላር መክፈል ደፋርነት ነው።

ታዲያ ረከሰ?

በገበያው ላይ ደጋግሞ የሚታየው እንዲህ ነው። የዳግም ምርት ዜና ሲወጣ ያገለገለው መኪና ዋጋ ይወርዳል፤ በተለይ መካከለኛው፣ ራነር የሚሉት፣ የሚሄድ ግን ያልተሟላ ዓይነት። የሚገዛው ሰው ለመንዳት ነበር የፈለገው፣ አሁን አዲስ ከነዋስትናው ያገኛል። ያልተከፈተው የድሮ ካርቱን ግን ያን ያህል አይናወጥም። የሳንድ ስኮርቸር ዳግም ምርት ከመጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያልተነካው የ1979 መኪና አሁንም ይፈለጋል። አንዳንዱ ሰው አዲሱን ገዝቶ ከነዳ በኋላ «የድሮውስ?» ብሎ ይጀምራል፤ ዳግም ምርቱ ለአሮጌው ገዢ ይወልዳል የሚሉት ሰዎች የሚያነሱት ይኼን ነው። ከፊል እውነት አለው።

በእኔ እይታ ትልቁ ለውጥ የታየው መለዋወጫው ላይ ነው። ቀድሞ አንድ መኪና ሙሉውን ከመሸጥ በታትኖ መሸጥ ያተርፍ ነበር። አንዱ ክንድ ፈላጊ ነው፣ ሌላው የካምቢዮ ቤት፤ እያንዳንዱ የራሱን ሳይጨርስ አይተኛም። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና መኪና ተበትኖ አለቀ። አዲስ ክፍል በርካሽ ሲገኝ መበተኑ አያዋጣም፣ ሙሉው መኪና ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ዳግም ምርቱን የሚቃወሙ ሰብሳቢዎች ይህን ብዙም አያነሱትም።

የተቃዋሚዎቹ ጥሩ ነጥብ ሌላ ነው። ዳግም ምርቱ ራሱ በውስን ቁጥር ሲወጣ መጀመሪያ የሚያፍሱት ነጋዴዎች ናቸው። ሳምንት ሳይሞላው በተጨመረ ዋጋ ይሸጡታል። መንዳት የፈለገው ልጅ እንደገና ውጭ ቀረ ማለት ነው። ኩባንያዎቹ ብዙ ማምረት ይችሉ ነበር፤ ግን ያልተሸጠ ዕቃ መጋዘን ውስጥ መቅረቱ ያስፈራቸዋል፣ «ውስን ምርት» የሚለው ቃልም ራሱ ይሸጥላቸዋል።

የቀረጡ ነገር

አሜሪካ ያነሳችው ፈቃድ ዴ ሚኒሚስ ይባላል፤ ትንሽ ዋጋ ያለው ጥቅል ያለ ቀረጥና ያለ ብዙ ወረቀት ይግባ የሚል ነበር። ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ዕቃ በሜይ 2025፣ ለቀሪው ዓለም ከኦገስት 29 ጀምሮ ቀረ። የብዙ አገር ፖስታ ቤቶች፣ የጃፓን ፖስታን ጨምሮ፣ አሠራሩ እስኪጠራ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ጥቅሎችን በከፊል አቆሙ።

ትልቁን ካርቱን በብዙ መቶ ዶላር የሚገዛ ሰው ቀረጡን ሊችለው ይችላል። የሚጎዳው የ15 ዶላር ክፍል የሚያስመጣው ነው። ክፍሏ ላይ ቀረጥ፣ በቀረጡ ላይ የማስፈጸሚያ ክፍያ፣ በዚያ ላይ መጠበቅ። አንድ የጎደለች ክፍል የምታቆመው መኪና ብዙ ነው። ስለዚህ ቀረጡ አሜሪካ ውስጥ ያለውን ዕቃ ውድ ያደርጋል፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ ተጫራች ሲቀንስ ዋጋው ሊረጋጋ ይችላል። አውሮፓ ያለ ሰብሳቢ ከዚህ ሊጠቀም ይችላል። ይህ ግን ግምት ነው፤ የቀረጥ ፖሊሲ ደግሞ በጠዋት ወጥቶ በማታ የሚቀየር ሆኗል።

ፕላስቲኩ ያረጃል

ስለ ዋጋ ሲወራ የሚረሳ ነገር አለ፤ መኪናው ባይነዳም ያልቃል። ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቅርፁን ይዞ የቀረ የ1985 ጎማ ላይ መኪና አቁሞ ማሳየት እንጂ መንዳት አይቻልም። አሮጌ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ያፈሳል፣ አጠገቡ ያለውን ሽቦና መገናኛ ይበላል። ስለዚህ «ከነባትሪው» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ደስ ከመሰኘት መጠራጠር ይሻላል። ናይለኑ እርጥበቱን ሲያጣ ይሰባበራል፤ ሰብሳቢዎች ክፍሉን ውሃ ውስጥ የሚቀቅሉት ለዚህ ነው። የሚገርም ይመስላል፣ ግን ይሠራል፤ ናይለን ውሃ ይመጥጣል፣ ሲመጥጥ ይለሰልሳል። የፀሐይ ብርሃን የበላው ፕላስቲክ ግን አይመለስም።

ይህ የክርክሩን ሚዛን በጊዜ ብዛት ይቀይረዋል። አሮጌውን የሚነዳ ሰው በእያንዳንዱ ዝላይ የማይተካ ነገር ላይ ይጫወታል። በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚካሄዱ የቪንቴጅ ውድድሮች ላይ ደንቡ ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዳግም ምርት የተፈቀደበት ውድድር ላይ አሮጌው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ አዲሱ ይነዳል። አሮጌ ብቻ ይግባ የሚል ውድድር ደግሞ ለዕይታ ያምራል፣ ግን በየዓመቱ መኪና ይቀንሳል። አብዛኛው አዘጋጅ መሃሉን ይመርጣል፤ ዲዛይኑ የዚያ የድሮ ዘመን ይሁን፣ ጎማውና ቅርፊቱ አዲስ ቢሆንም ችግር የለም ይላል። ፕሮላይንና ጄኮንሴፕትስ የሚባሉት አምራቾች ለድሮ መኪኖች የሚሆን ጎማና ቅርፊት መሥራታቸውም ይህን አቅልሎታል።

ከዚህ በኋላ

አንድ የሚያሰጋ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ የድሮ አሻንጉሊት ባቡር ገበያ ሰብሳቢዎቹ ሲያረጁ ቀዝቅዟል፤ ስብስቦቹ በአንድ ጊዜ ለገበያ ወጡ፣ ልጆቻቸው ግን ፍላጎት አልነበራቸውም። የሪሞት መኪናውም እዚያ ይደርሳል የሚሉ አሉ። በ2025 ታሚያን ለዓመታት የመራው ሹንሳኩ ታሚያ በ90 ዓመቱ ሲሞት ብዙ ሰብሳቢ የራሱንም ዕድሜ ያሰበ ይመስላል። በሌላ በኩል ባቡሩ የሚቀመጥ ነው፣ ይኼኛው ውድድር ይገባል፣ ዳግም ምርቱም በ30ዎቹ ያሉ ሰዎችን አስገብቷል። እኔ ያልተከፈተው ካርቱን ዋጋ ላይ ከሁሉም ይልቅ እጠራጠራለሁ፤ ገዢው በጣም ጠባብ ዕድሜ ውስጥ ነው ያለው። ታሪኩ የተረጋገጠ የሜዳ መኪና የተሻለ ይዘልቅ ይሆናል፣ ቁጥሩ ትንሽ ነውና።

ፍላጎቱ ደግሞ ወደ 1990ዎቹ እየተንሸራተተ ነው፤ የሎሲ ደብል ኤክስ፣ የዮኮሞ ዋይዚ10፣ የአሶሺዬትድ ቢ2። የእነዚህ ዘመን ልጆች አሁን ገንዘብ እየያዙ ነው። ለትልልቆቹ ስሞች ዳግም ምርት አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል። የተዘጉ ትናንሽ ድርጅቶች ግን የሚመልሳቸው የለም። የእነሱን ክፍል አሁን ግለሰቦች በሦስት ገጽታ ማተሚያ፣ ማለትም ፕላስቲክ በስሱ እየደራረበ ቅርጽ በሚያወጣ ማሽን፣ እየሠሩ ይሸጣሉ። አብዛኛው በቀለሙና በመስመሮቹ ይለያል፤ በናይለን ዱቄት የሚሠራው ግን እየተሻሻለ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ከውስጥ በኩል የራሱን ምልክት ያትምበታል፣ ሌላው አያትምም፣ ማንም ደግሞ አያስገድደውም።